ቲፒ4056 ቻርጀርን ያለ ባትሪ መፈተሽ፦ ፓወር ሰፕላይ ለምን ባትሪ መሆን አቃተው?

ፋኖስ_ጠጋኝ (አዲስ አበባ) · ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ወገኖች። ጉዳዩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ለገጠር የሚላኩ 40 የሶላር ፋኖሶች እየጠገንኩ ነው። አብዛኞቹ የቻርጀር ቦርዳቸው ስለተቃጠለ ሁሉንም በሰማያዊዋ የቲፒ4056 (የሊትየም ባትሪ ቻርጀር ቺፕ) ሞጁል እየቀየርኳቸው ነው፤ ያቺ ዲደብሊው01 የሚባል የባትሪ መከላከያ ቺፕ ያላት። ፋኖሶቹ የሚሄዱት ቴክኒሻን የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ማታ ልጆች አጠገባቸው አድርገው ያጠኑባቸዋል። ስለዚህ አንዷንም ሞጁል ሳልፈትሽ ማስገባት አልፈልግም።

ባለፈው ወር ከአሮጌ ላፕቶፕ ያወጣኋት አንዲት 18650 (ሲሊንደር ቅርጽ ያላት የሊትየም ባትሪ) ቻርጅ ላይ እንዳለች በእጅ የማትያዝ እስክትሆን ድረስ ጋለች። ቶሎ ነቅዬ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ከተትኳት። አልፈነዳችም፣ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእውነተኛ ባትሪ ሙከራ መሥራት አቁሜያለሁ።

በባትሪው ፋንታ ፓወር ሰፕላይ ለመጠቀም አሰብኩ። 30 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ነው። 3.70 ላይ አስተካክዬ ከሞጁሉ ቢ ፕላስና ቢ ማይነስ (ባትሪው ከሚታሰርባቸው ጫፎች) ጋር አገናኘሁት። ዩኤስቢውን ስሰካ የሰፕላዩ ማሳያ ከ3.70 ተነሥቶ 4.1 እና 4.2 መሃል ይዋልላል፤ አምፔሩ ዜሮ ነው። ሰማያዊው መብራት ("ሞላ" የሚለው) በርቶ ቀዩ ("እየሞላ ነው" የሚለው) ብልጭ ድርግም ይላል። ሰፕላዩን ነቅዬ ባዶውን ስተወውም ያው ነው። ሦስት ሞጁል ሞከርኩ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የተበላሹት ሞጁሎቹ ናቸው ወይስ አሠራሬ ነው የተሳሳተው?

---

ሶልደር_እጅ · ሰኞ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ነገሩን አታክብደው። እኔ ሞባይል ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። ግማሽ የሞላ ባትሪ እሰካለሁ፣ ቴስተሬን በመሃል አስገባለሁ፣ ወደ 1 አምፔር ከገባ ሞጁሉ ደህና ነው። 40 ሞጁል በአንድ ከሰዓት ታልቃለች።

---

ሚሊቮልት (ሜሪላንድ) · ሰኞ ማታ 4:30

ሞጁሎችህ ደህና ናቸው፤ ፓወር ሰፕላይህም ደህና ነው። ችግሩ ተራ ፓወር ሰፕላይ ከረንት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ቮልቴጁ ሲወርድ ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል፤ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ቻርጀሩ 1 አምፔር ሲገፋበት "ቮልቴጁ ከ3.70 በላይ ሆኗል" ብሎ ሙሉ በሙሉ ይዘጋና ዳር ይቆማል። የተገፋው ከረንት መሄጃ ስለሚያጣ የሰፕላዩን መውጫ ካፓሲተር ይሞላል። ካፓሲተሩ 470 ማይክሮፋራድ ቢሆን 1 አምፔር ከ3.7 ወደ 4.2 ለማድረስ ከሚሊሰከንድ ሩብ በላይ አይፈጅበትም። ቻርጀሩም "ሞላ" ብሎ ያቆማል። ካፓሲተሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወርድና 4.05 አካባቢ ሲደርስ ቻርጀሩ እንደገና ይጀምራል። ያየኸው መዋለልና የቀዩ መብራት ብልጭታ ይሄው ነው። ባዶውን ስትተወው ደግሞ ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሿ ካፓሲተር ያንኑ ዙር ትዞራለች።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከሰፕላዩ ጎን ለጎን፣ ከቢ ፕላስና ከቢ ማይነስ ጋር፣ ቻርጀሩ ከሚሰጠው የበለጠ ከረንት የሚበላ ሬዚስተር አስገባ። አራት ባለ 10 ኦም 10 ዋት ነጭ ሬዚስተሮችን በፓራለል ብታስር 2.5 ኦም ይሆናሉ። 3.7 ቮልት ላይ 1.48 አምፔር ይበላሉ። ቻርጀሩ ጠፍቶ ሳለ 1.48ቱን በሙሉ ሰፕላዩ ይሰጣል። ቻርጀሩ 1 አምፔር ማቅረብ ሲጀምር የሰፕላዩ ድርሻ ወደ 0.48 ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ምክንያቱም ሰፕላዩ ምንጊዜም ሰጪ እንደሆነ ነው። የቻርጁ ከረንት ማለት የሰፕላዩ ማሳያ የቀነሰው መጠን ነው፤ ሌላ መለኪያ መሃል ማስገባት አያስፈልግህም።

ሶልደር_እጅ ላልከው፦ በግማሽ ባትሪ የምታየው የመንገዱን መሃል ብቻ ነው። ቻርጀር የሚሳሳተው ጫፍና ጫፉ ላይ ነው፤ ባዶ ሊሆን ያለ ባትሪ ሲያገኝና ሊሞላ ሲቃረብ። እውነተኛ ባትሪ እነዚያ ቦታዎች ላይ አቁመህ አታቆየውም፤ ይህ ግን የፈለግከው ቁጥር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር) · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ሚሊቮልት፣ ጥሩ አድርገሽ አስረድተሻል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰፕላዩን 4.20 ላይ ስናደርገውስ? ቻርጀሩም 4.20 ላይ ሊይዝ ይፈልጋል፣ ሰፕላዩም እንደዚያው። ማን ያሸንፋል?

---

የድሮ_ሬዲዮ · ማክሰኞ ጠዋት 3:50

ልጆች፣ እንዴት አደራችሁ። ይህን መሰል ወሬ ሳነብ ደስ ይለኛል።

ጣና_ዳር የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት የቮልቴጅ ምንጮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ በመካከላቸው ሬዚስታንስ ከሌለ የ10 ሚሊቮልት ልዩነት እንኳ ከረንቱን ወዲያና ወዲህ ያማታዋል። እውነተኛ ባትሪ ግን የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። ስለዚህ በሰው ሠራሹ ባትሪ (በሰፕላዩና በሬዚስተሩ) እና በቢ ፕላስ መሃል 0.1 ኦም አስገቡ። ያን ጊዜ ሰፕላዩ 4.15 ላይ ሲሆን ከረንቱ 0.05 ለ0.1 ሲካፈል 0.5 አምፔር ይሆናል፤ 4.19 ላይ 0.1 አምፔር። ይህች ቺፕ ከረንቱ ከተተመነው አንድ አሥረኛ ላይ ሲደርስ "ሞላ" ስለምትል መብራቱ መቀየር ያለበት እዚያው አካባቢ ነው። እጃችሁን የሰፕላዩ ቮልቴጅ ማስተካከያ ላይ አድርጋችሁ 10 ሚሊቮልት 10 ሚሊቮልት ስትጨምሩ የባትሪውን የመጨረሻ አንድ ሰዓት በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ።

ነጭ ሬዚስተር ላጣችሁ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የተቃጠለ የእንጀራ ምጣድ ሽቦ አትጣሉ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ከሆነ ሙሉው ሽቦ 13.8 ኦም ገደማ ነው። ከአምስት እጅ አንድ እጅ ትንሽ አጠር አድርጋችሁ ብትቆርጡ 2.5 ኦም ታገኛላችሁ። ያ ቁራጭ ምጣዱ ውስጥ ሳለ ከ600 ዋት በላይ ይሸከም ነበር፤ እዚህ የምትጠይቁት 7 ዋት ነው፤ ብዙም አይሞቅም፣ ቢሞቅም ሬዚስታንሱ እምብዛም አይለወጥም። ሶልደር ግን አይዘውም፤ አትድከሙ። የሸክላ ማገናኛ ውስጥ በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩት። የመኪና አምፖል የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ቀዝቃዛ ሳለ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ነው፤ ሲግል ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን ልታምኑት አትችሉም።

---

ሚሊቮልት · ማክሰኞ ከሰዓት 9:10

ጋሼ፣ የምጣዱ ሽቦ ነገር በጣም ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ባለ መከላከያዋ ሞጁል ላይ ከረንቱ በሁለቱ ሞስፌቶች (መከላከያው በሚከፍታቸውና በሚዘጋቸው ትራንዚስተሮች) ውስጥ ስለሚያልፍ ወደ 50 ሚሊ ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ አስቀድሞ አለ።

መለኪያውም የት እንደሚቀመጥ እንጠንቀቅ። ቲፒ4056 የሚያየው ቮልቴጅ በቢ ፕላስና በአውት ማይነስ (በሞጁሉ መውጫ ማይነስ) መካከል ያለውን ነው፤ ምክንያቱም የቺፑ ግራውንድ ከአውት ማይነስና ከኢን ማይነስ (ከመግቢያው ማይነስ) ጋር አንድ ነው። ቢ ማይነስ ከሞስፌቶቹ ማዶ ነው ያለችው። ስለዚህ ሁለት ቴስተር ካለህ አንዱን በቢ ፕላስና በቢ ማይነስ፣ ሌላውን በቢ ፕላስና በአውት ማይነስ አድርግ። የመጀመሪያው ባትሪው ምን እንደሚሰማው፣ ሁለተኛው ቻርጀሩ ምን እንደሚያይ ይነግርሃል። ንባቡን ሁልጊዜ ከሞጁሉ ጫፍ ውሰድ፤ ከሰፕላዩ ማሳያ አትውሰድ። ቀጫጭን ገመድና የብሬድቦርድ ቀዳዳ ተደማምረው 0.1 ኦም ቢኖራቸው 1 አምፔር ላይ 100 ሚሊቮልት ይበላሉ፤ እኛ የምንጣላው ደግሞ በ10 ሚሊቮልት ነው።

---

ፋኖስ_ጠጋኝ · ረቡዕ ማታ 3:20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሬዚስተሮቹን መርካቶ አገኘሁ፤ አራት ባለ 10 ኦም። አልሙኒየም ቁራጭ ላይ አሰርኳቸውና ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሞክር ዋልኩ።

3.70 ላይ ሰፕላዩ 1.48 ያሳይ ነበር፤ ዩኤስቢ ስሰካ 0.49 ሆነ። ቮልቴጁ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። 4.19 አካባቢ ሰማያዊው በራ። ከዚያ ቀስ እያልኩ ስወርድ 4.05 ላይ ቀዩ ተመለሰ።

3.0 ላይ ለ20 ደቂቃ አቆየሁት። መጀመሪያ 0.98 አምፔር የነበረው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ 0.8 ወረደ። ቺፑን ነካሁት፤ ጣት አያስደርስም። 5 ቮልት ገብቶ 3 ቮልት ሲወጣ የቀረው 2 ቮልት በ1 አምፔር 2 ዋት ሙቀት ነው፤ ቺፑ ራሱን ለማዳን ከረንቱን ይቀንሳል። በእውነተኛ ባትሪ ይህን አላየሁትም ነበር፤ ባትሪው 3.0ን ቶሎ አልፎ ይሄዳል።

አሁን ግራ የገባኝን ልንገራችሁ። 2.5 ቮልት ላይ የቻርጁ ከረንት 130 ሚሊ አምፔር ነው፤ ከ2.9 በታች ቀስ ብሎ እንዲሞላ ስለተሠራ ትክክል ነው። ከዚያ ወደ 2.3 አወረድኩት። ይብሳል ስል ሰፕላዩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቮልቴጁ ከ2.3 ወደ 2.45 ይዘላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዘላል። ሬዚስተር አንሶ እንደሆነ ብዬ አምስተኛ ባለ 10 ኦም ጨመርኩና 2 ኦም አደረግኩት። አሁን መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ግን 2.3 ላይ የቻርጁ ከረንት 0.98 አምፔር ሆነ! ሙሉ ከረንት! 2.0 ላይ አድርጌ እንደገና ስሰካው 130 ሚሊ አምፔር ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ከረንቱ መቀነስ ሲገባው እንዴት በመሃል ላይ ሙሉ ይሆናል? አራት ሞጁል ሞከርኩ፤ አራቱም ያው ናቸው።

---

የድሮ_ሬዲዮ · ረቡዕ ማታ 3:45

አምስተኛውን መጨመርህ ትክክል ነበር። 2.5 ኦም በ2.3 ቮልት የሚበላው 0.92 አምፔር ነው። ቻርጀሩ 0.98 ሲሰጥ ትርፉ መሄጃ አጥቶ ቮልቴጁን ወደ ላይ ገፋው። ሙሉ ከረንት ለምን መጣ ለሚለው ግን አላውቅም ልጄ፤ ሚሊቮልት ትንገረን።

---

ሚሊቮልት · ሐሙስ ሌሊት 6:05

ፋኖስ_ጠጋኝ፣ ሁለቱ ቴስተሮች አሉህ? 2.3 ላይ በቢ ፕላስና በአውት ማይነስ መካከል ስንት ያነባል?

---

ፋኖስ_ጠጋኝ · ሐሙስ ጠዋት 2:30

ሌላ ቴስተር ከጎረቤት ተዋስኩ። በቢ ማይነስ በኩል 2.30፤ በአውት ማይነስ በኩል 3.08። 0.78 ቮልት ከየት መጣ?

---

ሚሊቮልት · ሐሙስ ከሰዓት 8:40

አገኘነው።

ዲደብሊው01 ባትሪው ከ2.4 ቮልት በታች ሲወርድ የዲስቻርጅ ሞስፌቱን ይዘጋዋል፤ ባትሪው ከዚያ በላይ እንዳይራቆት። ሞስፌት ሲዘጋ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዘጋው፤ በውስጡ በተፈጥሮው ያለች ዳዮድ የቻርጁን ከረንት ታሳልፋለች። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ባይሆን ባዶ ባትሪ ዳግመኛ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም ነበር። ዳዮዷ ግን 0.6 እስከ 0.8 ቮልት ትወስዳለች። የቲፒ4056 ግራውንድ ከዳዮዷ ማዶ ስለሆነ ባትሪው 2.3 ሳለ እሱ የሚያየው 2.3 ሲደመር 0.65፣ ማለትም 2.95 ነው። "ከ2.9 አልፏል፣ ባትሪው ደህና ነው" ይልና ሙሉውን 1 አምፔር ይለቃል። ከረንቱ ሲጨምር የዳዮዷም ድርሻ ይጨምራል፤ አንተ ያነበብከው 3.08 ለዚህ ነው። 2.0 ላይ 2.0 ሲደመር 0.65 ከ2.9 ስለማይደርስ ቀስ ብሎ ይሞላል። 2.5 ላይ ደግሞ ሞስፌቱ ክፍት ስለሆነ ዳዮዷ አትታይም፤ ቻርጀሩ እውነቱን ያያል። ችግሩ ያለው በሁለቱ መሃል ባለችው ጠባብ መስኮት ነው።

ቻርጀሩም መከላከያውም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው፤ ሲገናኙ ነው አንዱ ሌላውን የሚያታልለው። በእውነተኛ ባትሪ ደግሞ ነገሩ ተደብቆ ይቀራል፤ የባዶ ባትሪ ቮልቴጅ በ1 አምፔር ቶሎ ከ2.4 ስለሚያልፍ ሞስፌቱ ይከፈታል፣ ቻርጀሩ ወደ 130 ይመለሳል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ እንደገና 1 አምፔር። ረቡዕ ዕለት ሰፕላይህ ላይ ያየኸው መንቀጥቀጥ ባትሪው ላይም ይደርሳል፤ ቴስተር ግን አማካዩን ስለሚያሳይ ልብ አትለውም።

---

ሶልደር_እጅ · ሐሙስ ማታ 1:30

ይህንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ አታክብደው ያልኩት ስህተት ነበር፤ ይቅርታ ፋኖስ_ጠጋኝ።

ሚሊቮልት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደንበኞች ለወራት የተቀመጠ ስልክ ያመጣሉ፤ ባትሪው 1.5 ወይም 1.8 ቮልት ሆኖ። እኛ ጋ ብዙ ሰው ሰፕላይ በቀጥታ ሰጥቶ "ያስነሣዋል"። እኔም አድርጌዋለሁ። ጉዳቱ ምንድን ነው?

---

ሚሊቮልት · ሐሙስ ማታ 5:20

ስለ ጠየቅክ አመሰግናለሁ፤ የብዙ ሰው እጅና ቤት የሚያተርፍ ጥያቄ ነው።

የሊትየም ባትሪ አሉታዊ ጎን ግራፋይቱ የተቀባው በስስ የመዳብ ወረቀት ላይ ነው። ባትሪው በጣም ሲራቆት መዳቡ እየሟሟ ወደ ፈሳሹ ይገባል። በኋላ ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ያልሆነ ቦታ ላይ ተመልሶ ይጣበቃል፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን ስስ መለያያ ዘልቆ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። "የተነሣው" ባትሪ ያን ዕለት ደህና ይመስላል። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ነው የሚግለው፤ ያኔ ስልኩ ትራስ ሥር ሊሆን ይችላል። ለወራት ከ2 ቮልት በታች የቆየ ባትሪ አይነሣ፤ ይጣል። የደንበኛው ገንዘብ ቢያሳዝንም።

ፋኖስ_ጠጋኝ፣ ባለፈው ወር የጋለችብህ 18650 ስትሰካት ስንት ቮልት እንደነበረች ታስታውሳለህ?

---

ፋኖስ_ጠጋኝ · ሐሙስ ማታ 5:35

ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። 2.2።

---

ጣና_ዳር · ዓርብ ከሰዓት 10:00

እኔም የራሴን ሙከራ ይዤ መጣሁ። ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ባለ 100 ፋራድ 2.7 ቮልት ሱፐርካፓሲተሮች ነበሩ። በተከታታይ (በሲሪስ) ሲታሰሩ 50 ፋራድና 5.4 ቮልት ይሆናሉ። ከፊታቸው 0.1 ኦም አስገብቼ በቲፒ4056 ሞላኋቸው። 1 አምፔር በ50 ፋራድ ላይ በሰከንድ 20 ሚሊቮልት ያነሣል፤ ከ3.0 እስከ 4.2 አንድ ደቂቃ ብቻ። ባትሪ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን ጉዞ ሙሉ መስመሩን ኦሲሎስኮፕ ላይ በአንድ ስክሪን አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ 4.1 ላይ ሲታጠፍ፣ ከረንቱ ሲቀልጥ፣ ከዚያ መብራቱ ሲቀየር።

ሁለቱ እኩል መከፋፈላቸውን ለማረጋገጥ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ኪሎ ኦም አስሬያለሁ፤ አንዱ ከ2.7 ቢያልፍ ይበላሻል። እና ሲጨርሱ ባዶ ሳላደርጋቸው አልነካቸውም፤ ሾርት ሲሆኑ የሚለቁት ከረንት ስክሪው ድራይቨር ይበላል።

ጥያቄዬ፦ ሱፐርካፓሲተሩ ፈጣን ነው፣ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። የሰፕላዩ መንገድ ይቆማል፣ ግን የግድ ትልቅ ሬዚስተር ማሞቅ አለበት። ሁለቱንም የሚያደርግ ነገር መሥራት ይቻላል?

---

ሚሊቮልት · ዓርብ ማታ 4:15

ይቻላል። ሥራ ቦታዬ ያለው ኪትሌይ 2400 የሚባል የላብራቶሪ መሣሪያ ከረንት ይሰጣልም ይቀበላልም፤ እስከ 1 አምፔር፤ ዋጋው ግን ለግለሰብ የሚቀመስ አይደለም። በኤልኤም358 ኦፕ አምፕ (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድር ቺፕ) እና በአይአርኤፍዜድ44ኤን ሞስፌት ተቀባዩን ጎን በቤት መሥራት ትችላለህ። ኦፕ አምፑን በ12 ቮልት አብላው፤ ይህ ሞስፌት በጌቱ (በመቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ ከ4 ቮልት በላይ ስለሚፈልግ በ5 ቮልት አይሆንም። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ ፕላስ መግቢያው፣ ከፖቴንሽዮሜትር (ከሚዞር ማስተካከያ ሬዚስተር) የመጣውን የፈለግከውን ቁጥር ወደ ማይነስ መግቢያው አስገባ። የባትሪው ጫፍ ከቁጥርህ ሲበልጥ ሞስፌቱ ይከፈትና ትርፉን ይጠጣል። 4.2 ቮልት በ1 አምፔር 4.2 ዋት ስለሆነ ሂትሲንክ የግድ ነው። ሰጪውን ጎን ደግሞ ሰፕላይህ በ1ኤን5822 ሾትኪ ዳዮድ በኩል ይሙላልህ፤ ከሞስፌቱ ቁጥር 20 ሚሊቮልት ዝቅ አድርገው፤ ሁለቱ እንዳይጣሉ።

የሚያስቸግርህ መወዛወዝ ነው። የኦፕ አምፑ ዑደትና የቻርጀሩ ዑደት ተያይዘው መጮህ ይጀምራሉ። ጌቱ ላይ 100 ኦም፣ ከኦፕ አምፑ መውጫ ወደ ማይነስ መግቢያው 10 ናኖፋራድ፤ ማይነስ መግቢያውን ከፖቴንሽዮሜትሩ ጋር በ10 ኪሎ ኦም አገናኘው። ባትሪው ጫፍ ላይ 470 ማይክሮፋራድ አድርግ፤ ገመዶቹን አጭርና የተጠማዘዙ አድርጋቸው። ቴስተር ይህን መወዛወዝ አያሳይም፤ ኦሲሎስኮፕህን ሳታይ ቁጥሩን አትመን።

---

የድሮ_ሬዲዮ · ቅዳሜ ጠዋት 4:00

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ፋኖስ_ጠጋኝ፣ ፋኖሶቹ ቆላ ነው ወይስ ደጋ የሚሄዱት? በእነዚህ ሞጁሎች ላይ ቴምፕ የምትባለው የቺፑ 1ኛ እግር ከግራውንድ ጋር ታስራ ነው የምትመጣው፤ የሙቀት ጥበቃዋ ጠፍቷል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ በዋለ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ባትሪው 45 ዲግሪ ቢያልፍም ቻርጀሩ አያውቅም።

---

ፋኖስ_ጠጋኝ · እሑድ ማታ 2:10

ጋሼ፣ ቆላ ነው። ስለዚህ ፓነሉ በገመድ ርቆ ፀሐይ ላይ፣ ፋኖሱ ግን ቤት ውስጥ ጥላ ሥር ሆኖ እንዲሞላ ገመዱን አርዝሜ ማሳሰቢያውን በአማርኛና በሥዕል ክዳኑ ላይ ለጥፌያለሁ። እግሯን ነቅዬ 10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር (ሙቀት የሚለካ ሬዚስተር) ልጨምር ሞክሬ ነበር፤ እግሮቹ ቅጥነታቸው እጅ አያስገባም፣ ሁለት ሞጁል አበላሸሁና ተውኩት።

የ2.3 ቮልቱን ጉዳይ በሁለት መንገድ ዘጋሁት። የመጀመሪያው፣ ከ2.5 ቮልት በታች የሆነ ባትሪ ፋኖስ ውስጥ አይገባም፤ ዘጠኝ ባትሪ ጣልኩ። ሁለተኛው፣ ከረንቱን የሚወስነውን ባለ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ3 ኪሎ ኦም ቀየርኩ። አሁን ሙሉ ከረንቱ 400 ሚሊ አምፔር ነው። ያቺ መስኮት ውስጥ ቢገባ እንኳ ባትሪው የሚመታው በ0.4 እንጂ በ1 አምፔር አይደለም። ለ6 ቮልት 3 ዋት ፓነል የሚስማማውም ይሄው ነው፤ 3.0 ላይ ለ20 ደቂቃ ይዤው ከረንቱ አልወረደም፤ ቺፑም በጣት ይያዛል።

ከዚያ 38ቱን ሞጁሎች አንድ በአንድ በሰው ሠራሹ ባትሪ አሳለፍኳቸው፦ 2.0፣ 2.3፣ 2.5፣ 3.0፣ 3.7፣ ከዚያ ወደ ላይ በ10 ሚሊቮልት። ሠላሳ አምስቱ ከ4.18 እስከ 4.22 ባለው ውስጥ ቆሙ። ሁለቱ ከረንታቸውን ጨርሶ አልቀነሱም፤ 4.25 ላይ አቆምኳቸውና ለየብቻ አስቀመጥኳቸው። አንዱ በ4.28 ያዘ፤ በግማሽ ባትሪ ብሞክረው ኖሮ "ደህና ነው" ብዬ አሽጌው ነበር።

አምስት ሞጁል ይጎድለኛል። ነገ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ሶልደር_እጅ፣ ለአንተም አምስት ባለ 10 ኦም ላምጣልህ?

---

ሶልደር_እጅ · እሑድ ማታ 2:25

አምጣልኝ፤ 10 ዋቶቹን። 0.1 ኦም ካገኘህም አንድ ጨምርልኝ።